መግባት ክልክል የሆነባት ክፍል

ምንዋጋው ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲንቅ ኖሯል። ሰቆጣ ውስጥ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኖ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ተማሪውን በድንቁርናው፣ መምህሩን በጫማው፣ ወላጁን በአነጋገሩ ሲንቅ ነበር ደመወዝ የሚበላው። ጡረታ ከወጣ በኋላም የሚያዘው ሰው አጣ እንጂ ንቀቱ አልቀነሰም። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ጥግ ይቆምና ከፃግብጂ አህያ እየነዱ የሚመጡትን ገበሬዎች እያየ «እነዚህ ሰዎች መቼ ነው የሚነቁት?» ይላል። ራሱ ከዚያው ከፃግብጂ፣ በዚያው መንገድ፣ ከዚያው አህያ ኋላ ኋላ እንደመጣ የሚያውቁ ሽማግሌዎች አልቀዋል፤ ወይም እሱ እንዳለቁ ተስፋ ያደርጋል።

እናቱ አማርኛ ሳትለምድ ነው የሞተችው። እሱም ጎረምሳ እስኪሆን ድረስ የሚያልመውም የሚሳደበውም በኽምጣንጋ ነበር። ከተማ ገብቶ፣ ክፍል ውስጥ ተነስቶ ሲናገር የከተማ ልጆች ከሳቁበት ቀን ወዲህ ግን ያንን ቋንቋ ካፉ አላወጣውም። ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ቋንቋውን እንደሚችል ሳታውቅ ሞተች። ልጁም አታውቅም። መንገድ ላይ በኽምጣንጋ የሚያናግረው ሰው ሲገጥመው «ምን ይላል ይሄ?» ብሎ ፊቱን ያዞራል። እናቱን እንዲህ አድርጎ በየቀኑ የሚክድ ሰው ከተማው ውስጥ «የተከበሩ ዳይሬክተር» ይባላል።

ያልናቀው ሰው ቢኖር ልጁ እየሩስ ብቻ ናት። እየሩስ የመንገድ ቀያሽ ናት፤ መሣሪያዋን ተሸክማ የደሃናን ወረዳ ከዳር እስከ ዳር በእግሯ ያዳረሰች፣ ወንዶቹ ባልደረቦቿ ዳገቱ ወገብ ላይ ቁና ቁና ሲተነፍሱ እሷ ጫፍ ላይ ደርሳ የምትጠብቃቸው ልጅ። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ የተሳፈረችበት ፒካፕ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠና ግራ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተሰበረ፤ አጥንቱ ቆዳዋን ቀዶ ወጣ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የግራር ሜዳ ሆስፒታል ሐኪሙ ቁስሉን አጥቦ፣ አጥንቱን ገጥሞ፣ በብረት አሰረው። ሥራው ያማረ ነበር። «እግሯ ይድናል» አለው ምንዋጋውን። «ቁስሉ ንጹሕ ሆኖ እስኪጠግግ ድረስ ግን ጠብቋት። ጀርም አጥንቱ ውስጥ ከገባ እግሩን ልናጣው እንችላለን።» ምንዋጋው ከዚህ ሁሉ ውስጥ የያዘው «ይድናል» የምትለዋን ብቻ ነው።

የዳይሬክተር ልጅ ሆስፒታል ገባች ሲባል ከተማው ወደ ዋርዱ ጎረፈ። የቀረ ሰው ቂም እንደሚያዝበት ሁሉም ያውቃል። የመጣው ሁሉ ከነአቧራው ገብቶ፣ ጉንጯን ስሞ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ዘፍ ብሎ፣ «እስቲ የቱ ጋ ነው?» እያለ ፋሻዋን ይዳብሳል። ካልዳበሰ ያላዘነ ይመስለዋል። አባትየው ደግሞ የኮቱ ኪስ ሁልጊዜ በጀርም ገዳይ ካፕሱል የተሞላ ነው፤ ያቺ ቀይና ጥቁር፣ ያለ ሐኪም ማዘዣ በወዳጅነት የሚያገኛት። ጉንፋን ለያዘው ሁለት፣ ጥርሱን ላመመው ሁለት፣ ሆዱን ለነፋው ሁለት ያድላል፤ «ከዚህ በላይ አትዋጥ፣ ያደክምሃል» ብሎም ይመክራል። ሰፈሩ ስለዚህ ቸርነቱ ይመርቀዋል። ጀርሞቹም አፍ ቢኖራቸው ይመርቁት ነበር፤ ሳይሞቱ መድኃኒቱን ቀምሰው እንዲለምዱት ያደረጋቸው እሱና እሱን የመሰለው ሁሉ ነውና።

ይህን ሰልፍ የምታባርረው ሲስተር ሀናን ነበረች። የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ድሮ የምንዋጋው ተማሪ ነበረች። በሩ ላይ ቆማ «እጃችሁን ታጠቡ፣ አንድ አንድ ሆናችሁ ግቡ፣ አልጋ ላይ አትቀመጡ» ትላለች፤ ሽማግሌ አትል፣ ባለ ሥልጣን አትል። ምንዋጋው ካፕሱል አውጥቶ እየሩስን ሊያስውጣት ሲል ከእጁ ላይ ወሰደችበት።

«ጋሼ፣ ይሄ እዚህ አይገባም። የሚያስፈልጋትን በመርፌ እየወሰደች ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ ያስተማርኩሽ ሰው ነኝ!»

«ያስተማሩኝማ ጂኦግራፊ ነው» አለችና ካፕሱሉን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለችው።

እየሩስ ሳቀች፤ ምንዋጋው አልሳቀም። ለዓረፋ በዓል ሀናን ፈቃድ ወስዳ ስትሄድ ካየ በኋላ ነው ትከሻው ዘና ያለው።

በኮሪደሩ መጨረሻ አንዲት ክፍል ነበረች፤ አንድ አልጋ ብቻ፣ ሰፊ መስኮት፣ የራሷ ቧንቧና መታጠቢያ ያላት። በሯ ላይ «ያለ ነርስ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ነርሶቹ ወደዚያች ክፍል ከመግባታቸው በፊት ጋዋን ይደርባሉ፣ ጓንት ያጠልቃሉ፤ ሲወጡ ያንን አውልቀው ይጥሉና እጃቸውን ፈትገው ይታጠባሉ። ምንዋጋው ይህን ሥርዓት ቀኑን ሙሉ ሲያይ ዋለ። በዕድሜው እንዲህ ያለ ወረቀት የተለጠፈበት በር የሚያውቀው አንድ ነው፤ የራሱን ቢሮ። ሰው የማይገባበት በር ካለ እንግዲህ ከውስጡ ትልቅ ሰው አለ ማለት ነው። ሌላ ምክንያት ሊኖር እንደሚችል ባሳቡም ውል አላለውም።

ትልቁን ሰው ለማየት ጓጉቶ በውጭ በኩል ዞሮ በመስኮት ሲመለከት ያየው ማንጠግቦሽን ነው። ማንጠግቦሽ የፃግብጂ ገበሬ ናት፤ ጭኗ ላይ የወጣ ቁስል አልድን ብሏት ነው የተኛችው። ነጠላዋን ተከናንባ መስኮቱ ሥር ፀሐይ እየሞቀች ነበር። ምንዋጋው ደሙ ፈላ።

«ለዚች ነው?» አለ ተመልሶ ገብቶ። «ለዚች ነው እንዲህ ያለ ክፍል የሚሰጠው? የኔ ልጅ ከሚያስለው ከሚያስነጥሰው መሐል ተኝታ?»

ተረኛው ነርስ አንዷለም ነበር። እሱም የድሮ ተማሪው ነው፤ እንደ ሀናን ግን አይደለም። አርፍዶ በመጣ ቁጥር ሰንደቅ ዓላማው ሥር ያንበረክከው የነበረውን ሰው ዛሬም ሲያየው እጁን አጣምሮ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

«ዳይሬክተር፣ ያቺ ክፍል እኮ ለ...»

«ለማን እንደሆነች ልታስተምረኝ ነው?»

 ለአንዷለም የቀረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ የሚሆን ወኔ በዚያ ሁሉ ነጭ ልብስ ውስጥ ጠፋ። ትምህርቱን ሁሉ ተምሮ፣ ስለ ጀርም መተላለፍ ፈተና ወስዶ አልፎ፣ በሚያስፈልግበት ቀን እንደገና የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሆኖ ቆመ።

ምንዋጋው ስልኩን አውጥቶ ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ለገብረ ሊባኖስ ደወለ። አብረው ማኅበር የሚጠጡ ሰዎች ናቸው። ገብረ ሊባኖስ ከሰው መጣላት የማይወድ ሰው ነው፤ ማለትም ከትልቅ ሰው። አንዷለም ስልኩን ሲቀበል ስለ ማንጠግቦሽ ቁስል ጥቂት ቃል ለማንሾካሾክ ሞከረ። «ገባኝ፣ ገባኝ» አለው ገብረ ሊባኖስ፣ ሳይገባው። «ሴትዮዋን ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ወዳለችው ክፍል ውሰዷት። ይቺን አጽዱና ለዳይሬክተር አስረክቡ።» ችግር በስልክ መፍታት ይወዳል፤ ስልክ ሽታ አያመጣም።

በደንቡ ቢሆን ኖሮ ያቺ ክፍል ግድግዳዋም አልጋዋም በበረኪና ታጥቦ፣ ፍራሿ ተቀይሮ፣ መታጠቢያዋ ተፈትጎ፣ ሲስተር ሀናን ሳታያት ሌላ ሰው ሊገባባት አይችልም ነበር። ምንዋጋው ግን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በሩ ላይ ቆሞ ጽዳት ሠራተኛዋን ያጣድፋት ጀመር። ትምህርት ቤት ሲመራ የንጽሕና መለኪያው ወለሉ ነበር። ወለሉ ማብረቅረቅ ሲጀምር «በቃ፣ ጸዳ» አለ። ፍራሹ ተገለበጠ እንጂ አልተቀየረም።

ማንጠግቦሽ ምርኩዟን ይዛ ስትወጣና እየሩስ በተሽከርካሪ አልጋ ስትገባ በሩ ላይ ተገናኙ። ማንጠግቦሽ ቆመች። ብረት የተተከለበትን እግር አየች፤ የልጅቷን ፊት አየች፤ ከዚያ ወደ ምንዋጋው ዞራ በኽምጣንጋ ተናገረች። አማርኛዋ ለሰላምታ እንጂ ለቁም ነገር አይበቃም።

«ወንድሜ፣ ይቺን ልጅ እዚህ አታስገባት» አለችው። «ለብቻዬ ያስቀመጡኝ አክብረውኝ አይደለም። ቁስሌ መድኃኒት እምቢ ያለ ነው። ወደ ሌላ ሰው እንዳይሄድ ብላ ነው ሲስተር የዘጋችብኝ። የእናቴን እኅት እንኳ ከበር ነው የምመልሳት። አታስገባት።»

አንዷለም የከተማ ልጅ ነውና ቋንቋውን አይሰማም። ጽዳት ሠራተኛዋም ከሌላ አገር የመጣች ናት። በዚያ ኮሪደር የሰማ ጆሮ የምንዋጋው ብቻ ነበር፤ እሱም አንዲት ቃል አላመለጠችውም። የእናቱ ቋንቋ ነው፤ እንዴት ያመልጠው! «ወንድሜ» ያለችው እንኳ ልክ እናቱ አጎቶቹን በምትጠራበት ድምፅ ነበር።

መጀመሪያ የተሰማው ስለ ልጁ መፍራት አልነበረም። ሴትየዋ ፊቱን አይታ የአገሯ ሰው መሆኑን ያወቀችበት መስሎት ነው የደነገጠው። አሁን አንድ ቃል ቢመልስ፣ ራሱን እንኳ ቢነቀንቅ፣ አንዷለም «ለካ ዳይሬክተርም ከነሱ ናቸው» ብሎ ማታ ለከተማው ያወራል። ከዚያ ለራሱ ምክንያት ፈለገ፤ ምክንያትም እንደዚህ ያለ ሰው ሲፈልገው አይጠፋም። ገበሬ ተንኮለኛ ነው፣ ክፍሉን ላለመልቀቅ የፈጠረችው ነገር ነው አለ በልቡ።

«ምን አለች፣ አባዬ?» አለች እየሩስ ከአልጋው ላይ።

«እኔ ምን አውቄ! አልለቅም ነው መሰለኝ የምትለው።»

አልጋው ገባ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ምንዋጋው እንደ ንጉሥ አሳለፋቸው። የበሩን ወረቀት አላነሳውም፤ እሱ እያለ ማን እንደሚገባ የሚወስነው እሱ ሆነ፤ ሁሉንም አስገባ። «ግቡ፣ ግቡ፣ ክፍሉ የራሳችን ነው» ይላል። ጠያቂው አልጋው ላይ ተቀመጠ፣ በመታጠቢያው የሻይ ብርጭቆ አለቀለቀ፣ በዚያው እጁ የእየሩስን ትራስ አስተካከለ። አንዷለም ቁስሏን ሊያጥብ ሲመጣ ጓንት ያደርጋል፤ ግን ምንዋጋው እጁን ዘርግቶ ሲጠብቀው አለመጨበጥ አይሆንለትምና ከነጓንቱ ይጨብጠዋል። በዚያው ጓንት ፋሻውን ይፈታል። እየሩስ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረደኝ አለች።

ሀናን ከበዓል ስትመለስ እንደ ደንቡ ጋዋኗን ደርባ ወደ መጨረሻዋ ክፍል ገባች። ማንጠግቦሽ የለችም። እየሩስ በትኩሳት ፊቷ ቀልቶ ተኝታለች፤ የሻይ ብርጭቆው መታጠቢያው ላይ ተደርድሯል። ፋሻውን ሳትፈታው ሽታው ነገራት። ጮኻ ብትሳደብ ኖሮ ለምንዋጋው ይቀለው ነበር፤ እሷ ግን ከቁስሉ ናሙና ወሰደች፣ ሰዉን ሁሉ አስወጣች፣ በሩን ዘጋች።

ናሙናው ደሴ ደርሶ ውጤቱ ሲመጣ ምንዋጋውን ግቢው ውስጥ ጠራችው።

«ማንጠግቦሽ ላይ ያለው ጀርም ራሱ ነው» አለችው። «እዚህ ካለን መድኃኒት አንዱም አይነካውም። የርስዎን የኪስ ካፕሱልማ ይስቅበታል። የሚነካው አንድ መድኃኒት ተገኝቶ ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው፤ ግን ብረቱን ተከትሎ አጥንት ገብቷል።»

«ከየት መጣ? ሆስፒታላችሁ ቆሻሻ ነው ማለት ነው!»

«እንዴታ! ሥራ አስኪያጁ በስልክ የሚያክም፣ ነርሱ አፉን የሚዘጋ ሆስፒታል ቆሻሻ ነው። እርስዎ ደግሞ ካለው ሁሉ ቆሻሻውን ክፍል መርጠው፣ ተከራክረው፣ አሸንፈው ልጅዎን አስተኙበት።»

«ማንም አልነገረኝም!»

«ማንጠግቦሽ ነግሬዋለሁ ትላለች።»

«በምን ቋንቋ?» አለ ቶሎ ብሎ። «እኔ የነሱን ቋንቋ አልሰማም።»

ሀናን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ወደ ዋርዱ ተመለሰች፤ ዳይሬክተር ኽምጣንጋ እንደማይችል ከተማው ሁሉ ያውቃል።

መድኃኒቱ መጣ፤ እየሩስን አተረፋት፤ እግሯን አላተረፈውም። ሐኪሙ ከጉልበቷ በታች መቆረጥ እንዳለበት ሲነግራት ወረቀቱን የፈረመችው ራሷ ናት። «ዳገት መውጣት ቀረ ማለት ነው» አለች። ምንዋጋው ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ሥር ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ልጁን በእውነት ይወዳታል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን እያለቀሰም ገብረ ሊባኖስን ይረግማል፣ አንዷለምን ይረግማል፣ ሹፌሩን ይረግማል። የተረገመው ሁሉ ሲያልቅ የቀረውን አንድ ሰው ስሙን ሳይጠራ ዘለለው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እየሩስ በዚያችው ክፍል እንድትቆይ ተደረገ፤ ክፍሉ አሁን በደንቡ ታጥቧል፣ ፍራሹም አዲስ ነው። ሀናን ከበሩ ውጭ ወንበር አስቀመጠችና «ጋሼ፣ ሰው እንዳይገባ እዚህ ይጠብቁ። ሰው መመለስ ያውቁበታል» አለችው። ተቀመጠ።

ጠያቂዎቹ እንደገና መጡ። «አይገባም» አላቸው። ኮሪደሩ ውስጥ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ተቀመጡና እሱ እየሰማ ያሙት ጀመር። «ለልጁም ልዩ ክፍል?» አለች አንዷ። «ከኛ ጋር ብትተኛ ይነካት ነበር? ድሮም ኩሩ ነው።»  ነገሩ የምንዋጋው የራሱ ንግግር ነበር፤ ሌላ ሰው አፍ ውስጥ ሆኖ ሲሰማው እንዴት እንደሚያስጠላ ገና አሁን አወቀ።

በዚህ መሐል አንዲት አሮጊት እርጎ በጄሪካን ይዛ በኮሪደሩ መጣች። የማንጠግቦሽ የእናቷ እኅት ናት፤ ከፃግብጂ በእግሯ ነው የመጣችው። የእኅቷ ልጅ የተኛችው በመጨረሻዋ ክፍል እንደሆነ ነው የምታውቀው፤ ክፍሉ መቀየሩን ማንም አልነገራትም። ወዲያ ወዲህ ሳትል በቀጥታ ወደ በሩ አመራች።

«እማማ፣ መግባት ክልክል ነው» አለ ምንዋጋው ተነስቶ።

አሮጊቷ ፈገግ ብላ በእጇ ሰላምታ ሰጥታው አለፈች። አማርኛውን አልሰማችውም። ወረቀቱን በጣቱ አሳያት፤ ወረቀት ምኗም አይደለም። «ሲስተር!» ብሎ ተጣራ፤ ሀናን ሌላ በሽተኛ ላይ ናት። እነዚያ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ዳይሬክተር ከአሮጊት ጋር ሲታገል እያዩ ይስቃሉ። አሮጊቷ የበሩን እጀታ ያዘች፤ እንደ ወትሮው ከውስጥ የሚመልሳት የእኅቷ ልጅ ድምፅ አልመጣም፤ በሩም ገርበብ አለ።

«እናቴ፣ አይግቡ!»

በኽምጣንጋ ነበር። ያ ሁሉ ዘመን ታፍኖ የኖረ ቋንቋ ከነፃግብጂ ቅላጼው፣ አንዲት ፊደል ሳይዛነፍ ወጣ። «አይግቡ፣ እናቴ። ውስጥ ያለችው የኔ ልጅ ናት። ቁስሏ መድኃኒት እምቢ ያለ ነው፤ ወደ ሌላ ሰው እንዳይሄድ ነው የተዘጋባት። ማንጠግቦሽ ያለችው ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ነው።»

አግዳሚው ላይ ያለው ሳቅ ቀጥ አለ። አሮጊቷ እጇን ከእጀታው ላይ አነሳች፤ ፊቷ በደስታ በራ። የአገሯን ልጅ በሰው አገር ያገኘች መሰላት። «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ብላ ጠየቀችው፣ የአባቱን ስም ለመስማት ጆሮዋን ወደሱ አዘንብላ።

ምንዋጋው ሳይመልስላት ከተከፈተው በር ውስጥ የእየሩስ ድምፅ መጣ። ድምፅዋ የደከመ ነበር፤ ቁጣም ለቅሶም አልነበረበትም።

«አባዬ፣ ቋንቋውን ትችለዋለህ ማለት ነው።»

ምንዋጋው ወደ በሩ ዞረ።

«እንግዲያው ንገረኝ» አለች። «ያን ቀን እዚህ በር ላይ ሴትየዋ ምን ነበር ያለችህ?»